ካርታው የሚታዘበው ሥዕል

ከማሳቹሴትስ እስከ ሜይን በተዘረጋው የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በወደብ ከተሞቹ ሱቆችና ትንንሽ የሥዕል ማሳያዎች ግድግዳ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ የሥዕል ዓይነት አለ። ሠዓሊው ባዶ ወረቀት አይገዛም። መርከበኞች ተገልግለውበት ጊዜው ያለፈበትን የባሕር ካርታ ይዘረጋና በላዩ ላይ የአካባቢውን ጥንታዊ የመብራት ማማ በውሃ ቀለም ይስላል። ካርታው ያንኑ ማማ በአንዲት ነጥብና በሐምራዊ ጠብታ ብቻ አመልክቶት ያልፋል፤ ሠዓሊው ግን ከነግንቡ፣ ከነፋኖሱ፣ ከነጠባቂው ቤት ያወጣዋል። ከቀለሙ ሥር የጥልቀት ቁጥሮች፣ የቋጥኝ ምልክቶችና የአቅጣጫ መስመሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጠረፍ ቤት ያለው፣ ጀልባ ያለው ወይም ለዕረፍት የመጣ ሰው ነው። የሥዕል ሐያሲው በበኩሉ ዘርፉን ከመታሰቢያ ኩባያና ከቁልፍ መያዣ ጋር ደምሮ ያልፈዋል። ንቀቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ በሱቆቹ ከተሰቀሉት ብዙዎቹ ደካማ ናቸው። ዘርፉ ራሱ ግን ከደካማ ሥራዎቹ የተሻለ ክርክር ይገባዋል። እኔ የማምንበት እንዲህ ነው፦ የጠረፍ ሥዕልና የባሕር ካርታ ለዘመናት አንድ ገጽ ሲጋሩ ኖረው ኋላ የተለያዩ ናቸው፤ በካርታ ላይ ማማ የሚስል ሰው ከገጹ የተነሣን ነገር ይመልሳል እንጂ ባዕድ ነገር አይጨምርም። መመለሱ የሚሳካለት ግን ካርታውን አንብቦ ለካርታው ሲታዘዝ ብቻ ነው።

የባሕር ካርታ ዋና ሥራው ዓይን የማያየውን ማሳየት ነው፦ ከውሃው በታች ያለውን ጥልቀት፣ አሸዋውን፣ ጭቃውን፣ የተሰወረውን ቋጥኝ። ይህን ሁሉ የሚያሳየው ከላይ ቁልቁል ነው። መርከበኛው ግን ከመርከቡ ወለል ላይ ቆሞ ዓለምን ከጎን ያያል። ወደማያውቀው ጠረፍ ሲጠጋ የሚገጥመው ተራራ፣ ገደልና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው፤ ከእነዚህ መካከል የቱ በካርታው ላይ የቱ እንደሆነ ካልለየ፣ ካርታው ትክክል ሆኖም መርከቡ ይሰበራል። ይህን ክፍተት የሞላው ሥዕል ነው። ኔዘርላንዳዊው መርከብ መሪ ሉካስ ያንስዞን ዋኼናር በ1584 እና በ1585 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለት ክፍል ባሳተመው የካርታዎች ጥራዝ ውስጥ፣ ጠረፉን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከባሕር ሆኖ ለሚያየው ሰው በሚታይበት መልክም አስቀርጾታል፤ ኮረብታው፣ ግንቡ፣ የንፋስ ወፍጮው ሁሉ በየቦታው ቆሟል። እንግሊዞች ጥራዙን በ1588 በራሳቸው ቋንቋ አሳተሙት፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ማንኛውንም የባሕር ካርታዎች መጽሐፍ በእርሱ ስም ሲጠሩ ኖሩ። እንግዲህ ገና ከጥንቱ የታተመ የባሕር ካርታ ሁለት ዓይን ነበረው፤ አንዱ ከሰማይ፣ ሌላው ከመርከብ ወለል።

የውሃ ቀለም ወደዚህ ታሪክ የገባው በእንግድነት አይደለም። እንግሊዞች የውሃ ቀለም ሥዕላቸው አባት የሚሉት ፖል ሳንድቢ ሙያውን የጀመረው በካርታ ሥራ ነው፤ በ1747 በተጀመረው የስኮትላንድ ወታደራዊ ቅየሳ ውስጥ ነዳፊ ሆኖ አገልግሏል፣ በኋላም ከ1768 ጀምሮ በዉሊች የጦር አካዳሚ መኮንኖችን ሥዕል አስተምሯል። ቀያሾች ይህን ቀለም የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለመሸከም ይቀላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሁሉም በላይ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ በቀለም የተሰመረ መስመርና ቁጥር ላይ ቢቀባም አይሸፍነውም። ትውልደ ስዊዘርላንዱ ቀያሽ ዴ ባር የሰሜን አሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ካርታዎች ከ1770ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲያሳትም፣ ከካርታዎቹ ጋር የጠረፍ ገጽታ ሥዕሎችን አካትቷል፤ ብዙዎቹ ቅጂዎችም በእጅ በውሃ ቀለም የተዋቡ ናቸው። ለዚህ ዳሰሳ ግን ከዴ ባር ድንቅ ጥራዝ ይልቅ አንዲት ትንሽ የሱቅ ልማድ ትበልጥብኛለች። በ19ኛው መቶ ዘመን የብሪታኒያ ባሕር ኃይል የካርታ ክፍልም፣ በጀርባቸው ሰማያዊ ወረቀት የተለጠፈባቸውን ካርታዎች ያሳትሙ የነበሩት የግል ቤቶችም፣ ካርታውን ከመዳብ ሰሌዳ በጥቁር ቀለም ብቻ ያትሙ ነበር። ከዚያ ቀለም ቀቢ ተቀምጦ፣ መብራት ባለበት ቦታ ሁሉ በብሩሽ ቢጫና ቀይ ነጠብጣብ ያሳርፋል። በዚያ ጥቁርና ነጭ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ቀለም፣ የውሃ ቀለም፣ ያረፈው በመብራት ማማው ላይ ነበር። ዛሬ በካርታ ላይ ማማ የሚስለውን ሰው ካርታ የማያውቅ አስዋቢ ብሎ የሚነቅፍ ሁሉ ይህን ቢጫ ነጠብጣብ ሊያስታውስ ይገባል።

ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበት የታወቀ ምሳሌም አለ። ጄምስ ማክኒል ዊስለር፣ በኋላ በለንደንና በፓሪስ ዝናው የናኘው ሠዓሊ፣ በ1854 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ከተሰናበተ በኋላ ለጥቂት ወራት በዋሽንግተን በአሜሪካ የጠረፍ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በመዳብ ላይ ሲቀርጽ ነበር። እጁ ካረፈባቸው ሰሌዳዎች አንዱ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለችውን የአናካፓን ደሴት የሚያሳይ ነው። ቦታዋ አደገኛ ነበር፤ ዊንፊልድ ስኮት የተባለው የእንፋሎት መርከብ በ1853 መጨረሻ እዚያው ተሰብሯል። ዊስለር የገደሉን ቅርጽ በታዘዘው መሠረት ከቀረጸ በኋላ፣ ማንም ያላዘዘውን ጨመረበት፦ በደሴቲቱ አናት ላይ የሚበርሩ ሁለት መንጋ የባሕር ወፎች። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአመፀኛ ሠዓሊ ቀልድ ተደርጎ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ወፎቹ ያረፉት በሰማዩ ላይ ነው፤ መርከበኛው አይቶ ደሴቲቱን የሚለይበትን የገደል መስመር አልነኩም። ሰሌዳው ወፎቹን ይዞም ሥራውን ይሠራል። ሠዓሊው ነፃነቱን ያገኘው ካርታው ዝም ባለበት ቦታ ነው፤ ካርታው በተናገረበት ቦታ ታዟል። የዘርፉን ደግና ክፉ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ሥዕሉና ካርታው የተለያዩት በአንድ ቀን አይደለም። ካርታዎች በብዛት መታተም ሲጀምሩ፣ መርከቦችም በእንፋሎት ፈጥነው በሰዓታቸው መሄድ ሲለምዱ፣ የጠረፍ ሥዕሎቹ ከካርታው ጠርዝ እየተነሡ ወደ መርከብ መሪዎች መጻሕፍት ተዛወሩ፤ ቀጥሎ ፎቶግራፍ ቦታቸውን ወሰደ። በ1921 በሞናኮ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሃይድሮግራፊ ቢሮ ደግሞ የየአገሩ ካርታዎች በአንድ ዓይነት ምልክት እንዲነበቡ ሲሠራ ቆየ። ዛሬ ማማው በካርታ ላይ የሚታወቀው በትንሽ ኮከብ ወይም ነጥብ፣ ከእርሱ በምትፈልቅ ሐምራዊ ጠብታና በአንድ መስመር አኅጽሮት ነው። በሜይን የሚገኘውን፣ በ1791 የበራውን የፖርትላንድ ሄድ መብራት ብንወስድ፣ ካርታው የሚለን ይህን ብቻ ነው፦ በየ4 ሴኮንዱ አንድ ነጭ ብልጭታ፣ ከውሃው በላይ 101 ጫማ ከፍታ፣ 24 የባሕር ማይል የሚደርስ ብርሃን። ለመርከበኛው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም፤ በጨለማ የሚያየው ማማውን ሳይሆን ብልጭታውን ነው፣ ብልጭታው ደግሞ ተቆጥሮ ይታወቃል። ስለዚህ መለያየቱን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ካርታ የሰው ሕይወት የተሸከመ ወረቀት ስለሆነ፣ ሳያሻማ በፍጥነት መነበቡ ከውበቱ ይቀድማል። ጥያቄው መለያየቱ ተገቢ ነበር ወይ ሳይሆን፣ ካርታው ከአገልግሎት ሲወጣ ገጹ ለማን ይሁን ነው።

በሌላ በኩል ማማው ከካርታው ወጥቶ ለብቻው ወደ ሥዕል ሲገባ ምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1819 በስኮትላንድ ጠረፍ ያለውን የቤል ሮክን ማማ በውሃ ቀለም የሣለው በመሐንዲሱ በሮበርት ስቲቨንሰን ጥያቄ ነው፤ ሥዕሉ ተቀርጾ ስቲቨንሰን በ1824 ስለ ማማው ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ወጣ። ተርነር ወደ ቦታው አልሄደም፤ ከሌሎች ንድፍ ተነሥቶ ማዕበል፣ አረፋና ጨለማ ሰማይ ፈጠረ። ማማው ግን የቆመው ማዕበል ስላለ ብቻ አልነበረም፤ ቋጥኙ ውሃው ሲሞላ ሙሉ በሙሉ ስለሚሰወር ነው። ይህን ማንም ሠዓሊ በዚያ ሰዓት ሊያሳይ አይችልም፣ የተሰወረ ነገር አይሣልምና። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንስሎ ሆመር በ1880 በጋ በማሳቹሴትስ በግላስተር ወደብ በምትገኝ ትንሽ ደሴት በመብራት ጠባቂው ቤት ተከራይቶ ሲሠራ፣ ከውሃ ቀለሞቹ አንዱ የኢስተርን ፖይንትን መብራት በጨረቃ ብርሃን ያሳያል። ኤድዋርድ ሆፐር ደግሞ በ1927 በኬፕ ኤልዛቤት የፖርትላንድ ሄድንና የቱ ላይትስን ማማዎች በውሃ ቀለም ሣለ፤ በ1929 በዘይት ቀለም የሠራው የቱ ላይትስ ማማ በ1970 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጥቷል። በዚያ የዘይት ሥዕል ማማው በኮረብታ ላይ ከፀሐይ ጋር ተፋጥጦ ቆሟል፤ ባሕሩ ጨርሶ አይታይም። ታላቅ ሥዕል ነው። ማማው ግን የብቸኝነት ምስል ሆኗል፤ ለምን እዚያ እንደተሠራ የሚነግረን ነገር የለም። በካርታ ላይ የሚሣል ማማ ከሆፐር ጋር በእጅ ብልጠት አይወዳደርም፤ ሆፐር የሌለው አንድ ነገር ግን አለው። ከግንቡ ሥር፣ በቀለሙ ውስጥ አልፎ፣ የጥልቀቱ ቁጥር እያነሰ ወደ ቋጥኙ ሲመጣ ይነበባል። የማማው ምክንያት በራሱ ገጽ ላይ ተጽፏል።

በዘርፉ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ከባድ ተቃውሞ የዓይን ነው። ካርታ ከላይ ይታያል፣ ማማው ከጎን ተሥሏል፤ ካርታው በመስፈርት የተለካ ነው፣ ማማው ከልክ ውጭ ገዝፏል፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ ያደርገዋል ይባላል። ቁጥሩ ለተቃዋሚው ያደላል። በሰሜን ካሮላይና ያለው የኬፕ ሃተራስ ማማ ቁመቱ 60 ሜትር ያህል ነው፤ 1 ለ80,000 በሆነ ካርታ ላይ ቢለካ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሠዓሊው 20 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ሲስለው፣ በአንድ ወረቀት ላይ 1 ለ300 የሆነ ሌላ መስፈርት ይዞ መግባቱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ነቀፋ የሚጸናው ሥዕል ሁሉ ከአንድ ቦታ በአንድ ዓይን መታየት አለበት ብለን ካመንን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ቅዱሱ ከፈረሱና ከዘንዶው፣ ዘንዶውም ከከተማው በልጦ ሲገዝፍ አይተን ሠዓሊው ልኬት አያውቅም አንልም፤ መጠኑ የክብር መሆኑን እናውቃለን። በእንግሊዝም ቢሆን የቀድሞው ዓሣ አጥማጅ አልፍሬድ ዋሊስ አለ። በስተርጅና፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ በሴንት አይቭስ ከተማ በካርቶን ቁራጭ ላይ በመርከብ ቀለም መሣል ጀመረ። ወደቡን ከላይ፣ መርከቦቹንና የመብራት ማማውን ከጎን ያደርጋል፤ ሁሉም በሚያውቃቸው መንገድ ቦታቸውን ይይዛሉ። በ1928 ሠዓሊዎቹ ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ ሲያገኙት ያስደነቃቸው ይኸው ነበር። ዕድሜውን በባሕር የጨረሰ ሰው ከላይና ከጎን ማየትን አይለያይም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይይዛል። በካርታ ላይ የተሣለ ማማም የሚጠይቀን ይህንኑ ነው። ሴራሚክ ሠሪው በርናርድ ሊች በዋሊስ መቃብር ላይ ያኖረው የሸክላ ንጣፍ ግዙፍ የመብራት ማማ ሥር የቆመ ትንሽ ሰው ያሳያል፤ እዚያም መስፈርቱ የክብር ነው።

ልኬቱ ነፃ ሆነ ማለት ግን ሁሉም ነገር ነፃ ሆነ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥዕሎች የሚወድቁት እዚህ ነው። የመብራት ማማ ራሱ ቀለም የተቀባው ለውበት አልነበረም። ሌሊት በብልጭታው የሚለየው ማማ ቀን በቀለሙ መለየት ስላለበት፣ የአሜሪካ የመብራት ማማዎች ቦርድ በ1873 በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ላይ ላሉት ተመሳሳይ የጡብ ማማዎች ለየብቻ መልክ ሰጣቸው፦ ለኬፕ ሃተራስ ጥቁርና ነጭ ጥምዝምዝ፣ ለቦዲ ደሴት አግድም መቀነት፣ ለኬፕ ሉክአውት ሰያፍ አራት ማዕዘን። ትንሽ ቆይቶ በ1875 የተጠናቀቀው ኪሪተክ እንዲለይ ቀዩ ጡቡ ሳይቀባ ቀረ። ከሁሉም የሚረቀው ኬፕ ሉክአውት ነው። ጥቁሮቹ አራት ማዕዘኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ ነጮቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ፤ መርከበኛው የፊቱን ቀለም አይቶ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። ይህን ማማ በካርታ ላይ የሚስል ሰው የሚቆምበትን ቦታ መምረጥ አለበት፤ በካርታው ምሥራቅ ካለው ባሕር እንደሚታይ አድርጎ ስሎት ጥቁሩን ፊት ቢያሳይ፣ ከሥዕሉ ሥር ያለው የአቅጣጫ ክብ ይመሰክርበታል። በባዶ ወረቀት ላይ ይህ ስሕተት አይታወቅም። በካርታ ላይ ግን ሥዕሉ የራሱን መርማሪ ተሸክሞ ይዞራል፤ ዘርፉን ከተራ የመታሰቢያ ሥዕል የሚለየውም ይህ ተጋላጭነት ነው። ኬፕ ሃተራስ ደግሞ የጊዜን ነገር ያነሣል። በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ ርቆ የነበረው ማማ ማዕበሉ አሸዋውን እየበላ ስለተጠጋው፣ በ1999 በሐዲድ ላይ ተነሥቶ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተወስዷል። ከዚያ በፊት የታተመ ካርታ ማማውን በአሮጌ ቦታው ያመለክታል። ጠንቃቃ ሠዓሊ የካርታውን የኅትመት ዓመት አይቶ፣ ማማው በዚያ ዘመን በቆመበት ሁኔታ፣ ማዕበሉ ከበሩ ሊደርስ ሲል አድርጎ ይስለዋል። ግዴለሹ የዛሬውን ፎቶ ገልብጦ በትላንቱ ካርታ ላይ ይለጥፋል።

ሌላው ፈተና ወረቀቱ ነው፤ እዚህ ላይ ሐሳብና ዕቃ ይገናኛሉ። የውሃ ቀለም ወረቀት ውሃ በልክ ለመምጠጥ የተዘጋጀ ነው። የካርታ ወረቀት ግን በባሕር ላይ ርጥበት እንዲቋቋም፣ እርሳስም ተጽፎበት ደጋግሞ እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ቀለሙን አይቀበልም፤ ውሃው ጤዛ ሠርቶ ይንከባለላል ወይም ከላይ ደርቆ ጠርዝ ያበጃል። ሠዓሊዎች ይህን በበሬ ሐሞት ይፈቱታል፤ ሐሞቱ ውሃው እንዲሰራጭ ያደርጋል። አንዳንዶች ስስ ነጭ መሠረት አስቀድመው ይቀባሉ፤ ያ ግን ቁጥሮቹን ስለሚጋርድ ለእኔ ሽንፈት ነው። ኅትመቱም ይለያያል። የሊቶግራፍ ቀለም ዘይት ስላለው በውሃ አይነካም፤ ከማተሚያ መሣሪያ በቅርብ የወጣ ቅጂ ግን እንደ ቀለሙ ዓይነት ሊፈስ ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ሕግ ቀላል ነው፦ ጎዋሽ የሚባለውን ወፍራም፣ ብርሃን የማያሳልፍ የውሃ ቀለም ወይም ነጭ ቀለም የሚያበዛ ሠዓሊ ማማውን ያደምቅ ይሆናል፤ ካርታውን ግን ገድሎታል፣ ስለዚህ ባዶ ወረቀት ቢገዛ ይሻለው ነበር። የካርታው የራሱ ቀለሞችም ይናገራሉ። በአሜሪካ ካርታ ላይ የብሱ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሰማያዊ፣ ጥልቁ ነጭ። አብዛኛው ሰው ውሃ በጠለቀ ቁጥር ሰማያዊነቱ ይጨምራል ብሎ ስለሚያስብ፣ ጥልቁን ባሕር በደማቅ ሰማያዊ ሸፍኖ አደገኛውን ጥልቀት የለሽ ውሃ ነጭ የሚተው ሠዓሊ አይጠፋም፤ ይህም ከካርታው ጋር መጋጨት ነው። ምርጦቹ የወረቀቱን ነጭ ለማማው ግንብ ይተዋሉ፣ ጥላውን ብቻ በስስ ግራጫ ያኖራሉ፤ ግንቡ ራሱ ካርታው ይሆናል።

የሰነድ ጠባቂዎች ተቃውሞ ከዓይኑ ይልቅ የሚያሳስብ ነው፤ ካርታ የሳይንስ ሰነድ ነው፣ ቀለም ቀብቶ መሸጥ ማጥፋት ነው ይላሉ። ተቃውሞውን ለሁለት መክፈል ይገባል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በብዙ ሺህ የታተመ ካርታ፣ አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌው ለጉዞ እንዳይውል መርከበኛው ይነገረዋል፤ ዕጣው ቆሻሻ መጣያ ነው። ቅጂውም በቤተ መዛግብት አለ። የባሕር ካርታ ከመጀመሪያውም እጅ የማይነካው ሰነድ አልነበረም፤ የብሪታኒያን ካርታ የሚይዝ መኮንን በየሳምንቱ ከሚወጣው የመርከበኞች ማስታወቂያ ላይ እርማቶቹን እያነበበ በሐምራዊ ቀለም በእጁ ሲጽፍበት ኖሯል። ከመዳብ ሰሌዳ በቀጥታ በታተመ የ19ኛው መቶ ዘመን ካርታ ላይ፣ ወይም አንድ መርከብ ያለፈበት መንገድ በእርሳስ በተሰመረበት ብርቅ ቅጂ ላይ መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ጠባቂዎቹ ትክክል ናቸው፣ ምንም ያህል ሥዕሉ ቢያምር አልደግፈውም። ይህ ዘርፍ በአሜሪካ እንዲህ የተስፋፋበት አንድ ምክንያትም ሕጋዊ ይመስለኛል። የፌዴራል መንግሥቱ ያዘጋጀው ካርታ በአገሩ ሕግ የቅጂ መብት የለበትም፤ ሠዓሊው ሥዕሉን አባዝቶ ቢሸጥ የሚጠይቀው የለም። የብሪታኒያ ካርታ ግን የዘውዱ የቅጂ መብት ስላለበት፣ የሥዕሉን ቅጂ ለማባዛት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቀሪው ተቃውሞ የስሜት ነው። ማማውም ካርታውም ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መሣል የናፍቆት ንግድ ነው ይባላል። እውነት አለው። በብሪታኒያ የመጨረሻው ጠባቂ ያለው ማማ ኖርዝ ፎርላንድ በ1998 ሰው አልባ ሆነ፤ በአሜሪካ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ መንግሥት የማይፈልጋቸውን ታሪካዊ ማማዎች ለከተሞችና ለበጎ አድራጎት ማኅበራት እንዲያስተላልፍ፣ ተረካቢ ሲጠፋም በጨረታ እንዲሸጥ ፈቀደ። ጂፒኤስ በ1995 ሙሉ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ማንም ካፒቴን ሕይወቱን በማማ ላይ ብቻ አይጥልም። ናፍቆቱ ግን የሚመጣው ከወረቀቱ ሳይሆን ከአሣሣሉ ነው። በማሳቹሴትስ ያለውን የማይነትስ ሌጅ ማማ እንውሰድ። በ1850 በብረት እግሮች ላይ የቆመው የመጀመሪያው ማማ በሚያዝያ 1851 ማዕበል ተነቅሎ ሁለት ረዳት ጠባቂዎች ሞቱ፤ አሁን ያለው የግራናይት ድንጋይ ማማ በ1860 ቆመ። ከ1894 ጀምሮ አንድ፣ አራት፣ ሦስት እየቆጠረ ብልጭ ስለሚል ፍቅረኞች የራሳቸውን ትርጉም ሰጥተውት፣ የመታሰቢያ ሥዕሎቹ በልብ ቅርጽና በጀንበር መግቢያ ተሞልተዋል። ያንኑ ማማ በካርታው ላይ የሚስል ሰው ግን በሥሩ የሚያገኘው የቋጥኝ ምልክቶችን ነው፤ በግልጽ ካሳያቸው፣ የብረቱ ማማ ለምን እዚያ እንደተተከለና ለምን እንዳልቆመ ገዢው ሳይነገረው ያነበዋል። የናፍቆት መድኃኒቱ በገጹ ላይ ታትሞ ተቀምጧል፤ ሠዓሊው እንዳይሸፍነው ብቻ ነው የሚፈለገው።

ከእነዚህ ክርክሮች ሁሉ ይልቅ የዘርፉን መልክ የሚቀይረው የወረቀቱ ማለቅ ነው። የአሜሪካ የጠረፍ ቅየሳ በ1807 የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው፤ ዛሬ ሥራውን የያዘው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በ2013 የሊቶግራፍ ካርታ ኅትመት በሚያዝያ 2014 እንደሚያበቃ አስታወቀ። በ2019 ደግሞ የቆየውን የወረቀት ካርታ ሙሉ በሙሉ ለኤሌክትሮኒክስ ካርታ እንደሚለቅ ተናገረ፤ ሽግግሩም በ2024 መጨረሻ ገደማ ተጠናቀቀ። የብሪታኒያው መሥሪያ ቤት በ2022 የወረቀት ካርታን በ2026 ሊያቆም አስቦ፣ ከመርከበኞች ተቃውሞ ሲገጥመው ቢያንስ እስከ 2030 አራዝሞታል። ለሠዓሊው ይህ ሁለት መንገድ ይከፍታል። በእጁ ያለው የሊቶግራፍ ቅጂ ከእንግዲህ የማይተካ ስለሆነ፣ ትላንት መጣያ ይጠብቀው የነበረው ወረቀት ነገ ጠባቂዎቹ የሚሟገቱለት ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ ቀደም ሲል የሰጠሁት ፍርድም በዚያው ልክ እየጠበበ ይሄዳል። በሌላ በኩል የአሜሪካው አስተዳደር ማንም ሰው ከኤሌክትሮኒክስ መረጃው የራሱን ካርታ፣ በመረጠው መስፈርትና ወሰን፣ አዘጋጅቶ እንዲያትም የሚያስችል አገልግሎት በኢንተርኔት አቅርቧል። እስካሁን ሠዓሊው ካርታው ባስቀመጠለት ቦታ ላይ ነበር የሚሠራው፤ አሁን ማማው የት እንዲቆም፣ የትኛው ጥልቀት በሥሩ እንዲነበብ አስቦ ወረቀቱን ራሱ መቁረጥ ይችላል። ቅጂውን በጥጥ ወረቀት ላይ፣ በማይፈስ ቀለም ማተምም የእርሱ ምርጫ ነው፤ የበሬ ሐሞቱም አያስፈልገውም። ነፃነቱ ይበዛለታል፤ ካርታው ግን ከእንግዲህ አይከራከረውም፣ ምክንያቱም ወሰኑን የመረጠው እርሱ ነው። የኬፕ ሉክአውት ጥቁርና ነጭ ፊቶች ብቻ እንደ ድሮው ወደየአቅጣጫቸው ዞረው ይቆያሉ።